የያዘውን የሚለቅ ወረቀት

ልጄ፣ አንጸባራቂ የቀለም ፎቶ ወረቀት ከየት ይገኛል ብለህ ጠይቀኸኛል። ማጉያውን አግኝተሃል፣ ጓዳዋን በጥቁር መጋረጃ ሸፍነሃል፣ የቀረህ ወረቀቱ ብቻ ይመስልሃል። አብሽር፣ ይገኛል። ግን ወረቀቱ ከሁሉ በኋላ የሚገዛ ነገር ነውና ጥድፊያህን ቀነስ አድርገህ ስማኝ።

አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ስለ ውል ወረቀት ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ የተጻፈበትን ይዞ እስከ ልጅ ልጅ ያከራክራል። የቀለም ፎቶ ወረቀት ግን ይለቃል። ገና ሳይታተምበት፣ ሳጥኑ ውስጥ እንደታሸገ፣ አቅሙን ይለቃል። ከታተመበት በኋላም ግድግዳ ላይ ሆኖ ቀለሙን ይለቃል። እንደ ወተት ቁጠረው፤ ከማን ቤት እንደመጣ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደታለበና በምን መንገድ እንደደረሰህም ይጠየቃል። እኔ የምመክርህ ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወጣ ነው፤ ትኩስ ወረቀት ፈልግ፣ የምትፈልገውም የሚታተመው ሥራ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅህ ይሁን።

መጀመሪያ ዕቃውን እንለይ። አሶሳ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብተህ «ግሎሲ ፎቶ ፔፐር» ብትል፣ አንጸባራቂ ወረቀት በጠራራ ብርሃን ከመደርደሪያ አውርደው ይሰጡሃል። እሱ ለኢንክጄት ፕሪንተር የተሠራ ነው። ቀለሙ ከማሽኑ ይረጭበታል እንጂ ከራሱ አይወጣም፤ ብርሃን ቢያርፍበትም ባያርፍበትም ለውጥ የለውም። ጉርድ ፎቶ የሚያነሱት ቤቶችም ዛሬ አብዛኞቹ በሙቀት ወይም በኢንክጄት የሚያትሙ ትንንሽ ማሽኖች ነው የያዙት፤ የእነሱም ወረቀት ለአንተ አይሆንም። አንተ የምትፈልገው ብርሃን የሚፈራ ወረቀት ነው። በጥቁር ላስቲክ ታሽጎ፣ ላስቲኩ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ በጨለማ ብቻ እንዲከፈት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ይመጣል። ነጋዴው ካርቶኑን ከፍቶ፣ ላስቲኩን ገልጦ «እየው እንዴት እንደሚያበራ» ብሎ ካሳየህ ከዚያ ቤት ውጣ። ወይ ወረቀቱ የፕሪንተር ነው፣ ወይም ትክክለኛው ነበርና አሁን ተበላሽቷል።

የትክክለኛው ወረቀት አሠራር አርኤ-4 ይባላል። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረውን ኢፒ-2 የተባለ አሠራር ተክቶ በዓለም ሁሉ መደበኛ ሆነ። በወረቀቱ ላይ ሦስት ዋና ዋና ሽፋኖች ተደራርበዋል፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ ብርሃን ይነቃል። በሦስቱም ውስጥ የብር ጨው አለ። ዴቨሎፐር የሚባለው ምስል አውጪ ፈሳሽ ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ብር ሲለውጠው እዚያው ቦታ ላይ ቀለም ይፈጠራል። ቀጥሎ ብሊች-ፊክስ የሚባለው ፈሳሽ ብሩን ጠርጎ ያወጣና ቀለሙን ብቻውን ያስቀረዋል።

ይህችን ነገር ያዝልኝ። ያለንበት አገር የወርቅ አገር ነው። የዚህ ምድር ሰው ወንዝ ዳር አሸዋ እያጠበ ወርቅ ሲለቅም የኖረ ነው። የአሶሳው ሼኽ ሆጀሌ አል-ሐሰን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት የሚገብሩት ወርቅ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው የሸጎሌ ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ስለዚህ ሲታጠብ የሚቀረውና የሚፈሰው ምን እንደሆነ መለየት ለዚህ አገር ልጅ አዲስ ትምህርት አይደለም። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ብሩ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ምስሉ ራሱ ብር ነው። በቀለም ፎቶ ብሩ ታጥቦ ይሄዳል፤ የሚቀረው በኬሚካል የተፈጠረ ቀለም ነው። የአንደኛው ረጅም ዕድሜና የሁለተኛው ቶሎ መድከም ምንጩ ይኸው ነው።

ምስክር ከፈለግህ የየቤቱን አልበም ግለጥ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ መጥተን አሶሳ ዙሪያ የሰፈርን ሰዎች ቤት ገብተህ የዚያን ዘመን የቀለም ፎቶ እይ። ሰማዩ ወይን ጠጅ መስሏል፣ ሣሩ ቡናማ ሆኗል፣ የሰው ፊት ሁሉ ወደ ቀይ ሄዷል። ብዙ ሰው ፀሐይ ነው ያበላሸው ይላል፤ ግን አልበም ውስጥ ተዘግቶ የኖረውም ያው ነው። የዚያን ዘመን ወረቀት ሰማያዊ-አረንጓዴው ቀለም፣ ሳያን የሚሉት፣ በጨለማም ውስጥ ቢሆን በሙቀትና በጊዜ ብዛት እየለቀቀ ይሄድ ነበር። እሱ ሲለቅ ቀዩ ብቻውን ገንኖ ይታያል። ከጎኑ ያለው የአያትየው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን በደንብ ታጥቦ ከነበረ ዛሬም የጋቢውን ጥለት ያሳይሃል። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ያነሷቸው ሥዕሎች ዛሬም የምናያቸው ይህ ብር ስለያዛቸው ነው። የዛሬው የቀለም ወረቀት ከድሮው እጅግ ተሻሽሏል፤ ይሁንና ቀለም ቀለም ነው፣ ዘለዓለማዊ አይደለም።

እንግዲህ ወረቀቱ የሚለቅ ከሆነ የማይተካውን ጠብቅ። ኔጋቲቩን ማለቴ ነው። አቶ ሽመልስ ደስታ በንጉሡም በደርግም ዘመን በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት የሠሩ ሰው ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራዎቻቸው ሎንደን ላይ ለዕይታ ሊበቁ የቻሉት ኔጋቲቮቹን ጠብቀው ስላቆዩ ነው። የታተመ ፎቶ ሲያረጅ ከኔጋቲቩ እንደገና ይታተማል፤ ኔጋቲቩ ከጠፋ ግን የዓለም ወረቀት ሁሉ ቢሰጥህ ምን ታትምበታለህ? ከወረቀቱ በፊት የኔጋቲቭ ማስቀመጫ ኪስ ግዛ። የዚህ አገር ክረምት እርጥብ ነው፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ሻጋታ ፊልም ይወዳል። ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ ሣጥን ከእርጥበት መምጠጫ ጋር አስቀምጣቸው፤ ከላይ ደግሞ የማንና የመቼ እንደሆነ ጻፍ።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። የቀለም ወረቀት ይሠሩ የነበሩት ብዙ ነበሩ። የአግፋ የፎቶ ክፍል በ2005 ከሰረ። ኮኒካ ሚኖልታ በ2006 ከፎቶ ሥራ እወጣለሁ ብሎ አስታወቀ። ከስላይድ በቀጥታ የሚታተመውና በማንጸባረቁ ወደር ያልነበረው ኢልፎክሮም፣ ቀድሞ ሲባክሮም ይባል የነበረው፣ ከ2011 ወዲህ ምርቱ ቆመ። ኮዳክ በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የወረቀት ንግዱም በማግስቱ ዓመት ኮዳክ አላሪስ ወደተባለ ኩባንያ ተላለፈ። ፉጂፊልም ክሪስታል አርካይቭ የሚለውን ወረቀት ይዞ ቀጥሏል፤ ኔዘርላንድስ ውስጥ ቲልበርግ ከተማ ያለው ፋብሪካው በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። እነዚህ ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባል የለ? ፋብሪካ ሲዘጋ የተረፈው ወረቀት በየመጋዘኑና በየሰዉ ጓዳ ይቀራል፤ ከዚያም በርካሽ ይወጣል። ውጭ አገር ያለ ዘመድህ በደስታ «አንድ ካርቶን ሙሉ በጥቂት ገንዘብ አገኘሁልህ» ብሎ ይልክልሃል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው ይሆናል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። ያረጀ ጥቁርና ነጭ ወረቀት አንዳንዴ ይድናል፤ ዴቨሎፐሩ ውስጥ የሚጨመር ጉም የሚከለክል መድኃኒት አለ። ያረጀ የቀለም ወረቀት ግን ሦስቱ ሽፋኖች እኩል አያረጁም። ነጩ ቢጫ ወይም ግራጫ ይመታል፣ ጥቁሩ ይገረጣል፣ ብርሃኑን ስታቀና ጥላው ይበላሻል፣ ጥላውን ስታቀና ብርሃኑ። በማጣሪያ ልታስተካክለው ብትደክም ድካምህን ይበላል እንጂ አይስተካከልም። እንግዲህ ዘመድህን ከመላኩ በፊት አስቀድመህ አስጠንቅቀው፤ ከተላከ በኋላ መመለስ የሚያሳፍር ነውና።

መፈተኛውም ቀላል ነው። በድቅድቅ ጨለማ ከወረቀቱ ጣት የምታህል ቁራጭ ቁረጥ፣ ምንም ብርሃን ሳታሳያት በዴቨሎፐርና በብሊች-ፊክስ አሳልፋት፣ እጠባት፣ አድርቃት። ንጹሕ ነጭ ሆና ከወጣች ወረቀቱ በሕይወት አለ። ከቀላች፣ ቢጫ ከመታች ወይም ከጠቆረች ተዋት። ለዚህ ፈተና እሺ የማይል ሻጭ ካጋጠመህ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዛ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ታዲያ ትኩሱ ከየት ይምጣ? ተቆርጦ በካርቶን የታሸገው ከውጭ ነው የሚገኘው፤ የጨለማ ክፍል ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ሰው ያመጣልሃል። በአገር ውስጥ የሚቀርበው ምንጭ ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በኬሚካል የሚያትሙ ትልልቅ የፎቶ ላቦራቶሪዎች። የእነሱ ማሽን በሌዘር ብርሃን ያትማል እንጂ ወረቀቱና ኬሚካሉ ያው አርኤ-4 ነው። ወረቀቱ በጥቅል ይመጣል። ለሌዘር የተሠራ ስለሆነ ከማጉያ ሥር ንፅፅሩ ትንሽ ጠንከር ይላል፤ በለስላሳ ብርሃን ለተነሱ ኔጋቲቮቻችን ጉዳት የለውም፣ በቀትር ፀሐይ የተነሳውን ግን ያከርረዋል። ስትጠይቃቸው «ግሎሲ አላችሁ?» ብቻ አትበል። ማሽናችሁ በኬሚካል ነው ወይስ በኢንክጄት የሚያትመው ብለህ ጀምር። ቀጥለህ የገጹን ዓይነት ጠይቅ፤ በኮዳክ ወረቀት ኤፍ የሚለው ፊደል አንጸባራቂውን፣ ኢ ሸካራ ወዝ ያለውን፣ ኤን ደብዘዝ ያለውን ያመለክታል። ከዚያ የጥቅሉን ስፋት፣ ቀኑን፣ መታሸጉን ጠይቅ። ማሽኑ ውስጥ የነበረ ጅራት ጥቅል ከሆነ ጫፉ ብርሃን ሊያይ ስለሚችል የመጀመሪያዎቹን ሜትሮች አትቁጠራቸው።

ጥቅል ትልቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከ80 ሜትር ያላነሰ ርዝመት አለው፤ የ20 ሴንቲ ሜትሩን ስፋት በ25 በ25 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጠው ከ300 በላይ ሉህ ይወጣዋል። አንተ ብቻህን ይህን ሁሉ ሳያረጅ አትጨርሰውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ተካፈሉት። አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ጅማም ፊልም የሚወድ ወጣት አለ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አይዳ ሙሉነህ ያቋቋመችው አዲስ ፎቶ ፌስት ብዙ ልጆችን አገናኝቷል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግዙ፣ አንዱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁረጡት፣ በጥቁር ላስቲክ ከፋፍላችሁ እሸጉት። ስትቆርጥ ዓይንህ አይረዳህምና መቁረጫው ላይ ወረቀቱ ደርሶ የሚቆምበት እንጨት አስቀድመህ በብርሃን ምታ። የትኛው ገጽ ብርሃን የሚቀበለው እንደሆነ ከጠፋህ ጣትህን ጥቂት አርጥበህ ጥጉን ንካ፤ የሚጣበቀው እሱ ነው።

ከዚያ መንገዱ አለ። ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ እስከ አሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የተጫነ ወረቀት የካቲትና መጋቢት ላይ ምን እንደሚደርስበት አስበው። በእጅ ይያዝ፣ ሰው እግር ሥር ይቀመጥ፣ ቢቻል በአውሮፕላን ይምጣ። ለሚያመጣውም ሰው ምን እንደያዘ በደንብ ንገረው፤ ፈታሽ ክፈት ቢለው ላስቲኩን እንዳይከፍት ሳጥኑ ላይ በአማርኛ ጽፈህ ለጥፍ። ቤት ሲደርስ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አየሩ ወጥቶ። ለሥራ ስታወጣው ግን ወዲያው አትክፈተው፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሰዓት ተወው፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ጤዛ የነካው ወረቀት አይለቀምም።

ስለ ማንጸባረቁ ልንገርህ። አንጸባራቂ መፈለግህን አልነቅፍም። ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ብርሃንን ወዲያና ወዲህ አይበትንም፤ ስለዚህ ጥቁሩ ጥልቅ፣ ቀለሙ የጠገበ ይሆናል። የበርታ ሴቶች በሠርግ ቀን የሚለብሱት ደማቅ ቶብ፣ የሽናሻ ጋሪ ዎሮ በዓል የአደይ ቢጫ፣ የጉሙዝ ጨሌ፣ ዋዛ የሚነፋው ሰው ክንድ ላይ የሚፈሰው ላብ፣ ይህ ሁሉ በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሌላ ሕይወት አለው። በድሮው የወረቀት መሠረት አንጸባራቂ ለማድረግ በተወለወለ ብረት ላይ አጣብቆ በሙቀት ማድረቅ ያስፈልግ ነበር፤ የዛሬው ፕላስቲክ የተቀባ ስለሆነ ሰቅለህ ብታደርቀው በራሱ ያበራል። ነገር ግን የጣት አሻራ ይይዛል፣ በቀላሉ ይጫራል፣ በበጋ የሚነሳው አቧራ እርጥቡ ላይ ካረፈ አይነቀልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ክረምት ላይ ከፍሬም መስታወት ጋር ይጣበቃል። እርጥበት ገብቶ ከተጣበቀ ስትነቅለው ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለግድግዳ የምታትመውን በፎቶውና በመስታወቱ መካከል ወፍራም የካርቶን ክፈፍ አድርግበት፤ በመስኮት ፊት ለፊት ለሚሰቀል ደግሞ ወዝ ያለው ወረቀት ይሻላል፣ አንጸባራቂው መስኮቱን እንጂ ሰውየውን አያሳይም።

መብራት። ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ በዚሁ ክልላችን ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንዲሉ የየቤታችን መብራት አሁንም ይዋዥቃል። ለማንበብ የሚዋዥቅ መብራት ይበቃል፤ ለቀለም ማተም አይበቃም። ኃይሉ ሲወርድ የማጉያው አምፖል መደብዘዙ ብቻ ሳይሆን ወደ ቀይ ያደላል፤ ትናንት ያገኘኸው የቀለም ሚዛን ዛሬ አይሠራም፣ አንተም ወረቀቱን ትወቅሳለህ። ስታብላይዘር ከወረቀቱ ቀድሞ ይገዛ። ማታ ሰው ሁሉ ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት ሳይሆን ሌሊት ሥራ።

ሙቀቱ ግን ለእኛ ያደላል። ላቦራቶሪዎቹ ዴቨሎፐሩን 35 ዲግሪ አሙቀው በ45 ሰከንድ ያወጡታል፤ የአሶሳ ክፍል በራሱ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ማሞቂያ ሳትገዛ ሁለት ደቂቃ ያህል ብትተወው ይደርሳል። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ ሙቀትና በአንድ ሰዓት መሥራትህ ነው። ጨለማውን ደግሞ አትናቀው፤ የጥቁርና ነጩ ቀይ መብራት እዚህ ጠላት ነው። ብርሃን የማያስገባ ድረም ካገኘህ ወረቀቱን በጨለማ አስገብተህ ከዘጋህ በኋላ መብራት አብርተህ መሥራት ትችላለህ፤ ለቤት ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። መማር ይቅደም ከመጠምጠም፤ ድረሙ እስኪገኝ በጥቁርና ነጭ ወረቀት እጅህን አሠልጥን። እንግሊዝ አገር ኢልፎርድ፣ ቼክ አገር ፎማ ዛሬም ይሠሩታል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው።

አሁን ልቤ ያለበት ነገር ላይ ደረስኩ፤ የሰው ፊት። ፈረንጆቹ የቀለም ማተሚያቸውን የሚያስተካክሉት በአንዲት ሴት ፎቶ ነበር። ሸርሊ ካርድ ይሉታል፤ ኮዳክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለላቦራቶሪዎች ያድለው ነበር፤ ሴትዮዋ ነጭ ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ሚዛኑ ደህና ነው ይባላል፣ የጥቁር ሰው ፊት ጭቃ ቢመስል ማንም ግድ አልነበረውም። የኮዳክ የቀድሞ ሰዎች ራሳቸው እንደመሰከሩት፣ የቡናማ ቀለም ደረጃዎች እንዲሻሻሉ የገፋፋው የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች አቤቱታ ነበር። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ይህን የምነግርህ እንድትናደድ ብቻ አይደለም። ከወረቀቱ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ያለው የማጣሪያ ቁጥር የማን ፊት እንዲያምር ተብሎ እንደተቀመጠ እንድትጠይቅ ነው።

የራስህን መለኪያ ሥራ። አንዲት የጉሙዝ እናት፣ አንድ የበርታ ሽማግሌ፣ አንድ ቀይ ዳማ የወሎ ልጅ አንድ ላይ በጥላ ሥር፣ በልስልስ ብርሃን አስቀምጠህ፣ ነጭ ነጠላና ግራጫ ካርቶን አጠገባቸው አድርገህ አንሳቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቅ፣ ምን ልታደርግበት እንደሆነም ንገራቸው። ያ ኔጋቲቭ መለኪያህ ይሁን። አዲስ ካርቶን በከፈትክ ቁጥር፣ ኬሚካል በቀየርክ ቁጥር መጀመሪያ እሱን አትም። የእናትየው ጉንጭ ላይ ያለው ሰማያዊ ጥላ ከታየ፣ የሽማግሌው ግንባር ወደ ግራጫ ካልሄደ፣ ነጠላው ነጭ ከሆነ፣ ሚዛንህ ደህና ነው። ጥቁር ቆዳ ብዙ ዓይነት ብርሃን ይይዛል፤ አንጸባራቂ ወረቀት ይህን የማሳየት አቅም አለው፣ ግን ማተሚያውን ያቀናው ሰው ካላየው አያሳየውም። እሱን ለማየት ዓይንህን ማሠልጠን ከወረቀት ፍለጋው ሁሉ ይከብዳል፤ የምትታመንበትም ሥራህ እሱ ይሆናል።

ስታስተካክል ግራ እንዳይገባህ፤ ፎቶው ወደ ማጀንታ ካደላ ማጀንታ ማጣሪያ ትጨምራለህ፣ ወደ ቢጫ ካደላ ቢጫ ትጨምራለህ። እሾህን በእሾህ ነው። ሳያኑን ዜሮ ላይ ተወው፣ በሁለቱ ብቻ ሥራ። ቀለሙን የምትፈርደው ፎቶው ደርቆ፣ በቀን ብርሃን ነው፤ እርጥቡ ይዋሻል።

ከሥራው በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ አደራ። ብሊች-ፊክሱ ከወረቀቱ ያጠበውን ብር ይዟል። ማንጎው ሥር አትድፋው፣ ወደ ጅረትም አትልቀቀው፤ ሴቶቻችን ውሃ የሚቀዱት ከዚያው ነው። በጄሪካን አጠራቅም፣ ምን እንደሆነ ጻፍበት። ያገለገለውን ፈሳሽ የብረት መፈተጊያ ሽቦ ባለበት ዕቃ ብታሳልፈው ብሩ ሽቦው ላይ ይቀራል፤ የቀረውን እንዴት እንደምታስወግድ ከአሶሳው ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሰዎች ጋር ተማከር። ዴቨሎፐሩም ቆዳ ያስቆጣል፣ አንዴ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ለዘለቄታው አይለምደውም፤ ጓንት ሳታደርግ አትንካው። ለኬሚካል የዋለ ዕቃ ወደ ማድ ቤት እንዳይመለስ እናትህን ጭምር ንገራት።

ጥር ላይ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ የሚመለስ ሰው አለ፤ አናግሬዋለሁ። የጥቅሉን ዋጋ ከመክፈሉ በፊት ካርቶኑ ላይ ያለውን ቀንና ፊደል በስልኩ አንስቶ ይላክልህ፤ ቀኑ ካለፈ ባዶ እጁን ይምጣ፣ ወጪው የአንተ አይሆንም። እስከዚያው ድረስ ኔጋቲቮችህን ሁሉ ይዘህ ጁሙዓ ከሰገድን በኋላ ቤቴ ና። የሚታተሙትን አብረን እንለያለን፤ የሚበዙት ጥቁርና ነጭ የሚበቃቸው ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። በቀለም ካልሆነ የማይሆኑትን ለብቻ ቁጠራቸው፤ ስንት ሜትር ወረቀት ከጓደኞችህ ጋር እንደምትካፈል ከዚያ ቁጥር ተነስተህ ወስን።